ከላይ የመጣና ከታች የተሠራ ጉርብትና
(ለዕጩ መምህራን የቀረበ ጥናታዊ ትምህርት)



ሥልጠናችንን ጨርሰን ስንመደብ ብዙዎቻችን የምንገባው ሙስሊምና ክርስቲያን ልጆች በአንድ ዴስክ ተቀምጠው ወደሚማሩበት ክፍል ነው። ይህ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ብርቅ አይደለም። ብርቅ ስላልሆነም ብዙ ጊዜ አንመረምረውም። «የወሎ ሰው ተፋቅሮ ይኖራል» ብለን አወድሰን እናልፋለን። ታዲያ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ለምን ተፋቅሮ ይኖራል? ሁልጊዜስ እንዲህ ነበር ወይ?» ብሎ ቢጠይቀን ምን እንመልስለታለን? ማወደስ መልስ አይሆንም። መምህር ደግሞ ያለ መልስ ክፍል አይገባም።

በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ለመመርመር የወሎን ኑሮ ከአንድ ሩቅ አገር ታሪክ ጋር እናነጻጽራለን። ይኸውም በአሜሪካ የሚኖሩ የጥቁሮችና የአይሁድ ማኅበረሰቦች ግንኙነት ነው። የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሁለቱ ማኅበረሰቦች እንደ ወሎ ሰው አብረው ለፍተዋል፤ ተጣልተዋልም። ሁለተኛ፣ ከጠቦቻቸው ሁሉ እጅግ መራራ ከሆኑት አንዱ የተነሣው ከእኛው ሙያ፣ ከትምህርት ቤት ውስጥ ነው።

1. የመነሻ ሐሳብ

በሁለት ማኅበረሰቦች መካከል ያለ ግንኙነት በሁለት ቦታ ይሠራል። አንደኛው ከላይ ነው፤ በሕግ፣ በመንግሥት፣ በማኅበራትና በመሪዎች ደረጃ። ሁለተኛው ከታች ነው፤ በሰፈር፣ በገበያ፣ በለቅሶና በሠርግ። ከላይ ያለው ሲያምር ከታች ያለው ሊሻክር ይችላል። ከላይ ያለው ሲጎዳም ከታች ያለው ሊጸና ይችላል። የወሎና የአሜሪካ ታሪክ የዚህ ነገር ሁለት ገጽታዎች ናቸው። ወሎ ላይ ጉዳቱ የመጣው ከላይ ሲሆን ጥገናው የተሠራው ከታች ነው። አሜሪካ ላይ ደግሞ ወዳጅነቱ በብዛት የተሠራው ከላይ ሲሆን ስንጥቁ የታየው ከታች ነው።

2. ወሎ፦ ከላይ የመጣው ቁስል

በግንቦት ወር 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት ከደሴ በስተሰሜን በምትገኘው ቦሩ ሜዳ ታላቅ የሃይማኖት ጉባኤ አደረጉ። የጉባኤው አንዱ ዓላማ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረውን የቆየ ክርክር መዝጋት ነበር። ነገር ግን በዚያ አላበቃም። የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ትእዛዝ ወጣ። ክርስትና ያልተነሣ ሹም ሹመቱን የሚያጣ ሆነ። መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ዐፄ ዮሐንስ የክርስትና አባታቸው ሆኑ። አመዴ ሊበንም ኃይለ ማርያም ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸው ምኒልክ ነበሩ።

ሁሉም ግን እሺ ብሎ አልተቀበለም። እንደ ሸኽ ጦልሐ ጃዕፈር ያሉ ዑለማዎች ተቃውመው ተነሡ። አገሩን ጥሎ የተሰደደውም ብዙ ነው። የቀረው ደግሞ ላዩን ተቀብሎ በቤቱ እምነቱን ያዘ። «ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም» የሚባለው አነጋገር የዚያ ዘመን ትዝታ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ይህን ያደረገው ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ተነሥቶ አይደለም። ከዙፋን የወረደ ትእዛዝ ነው። የተጠመቁት መሐመድ ዓሊ በኋላ ራስ፣ በ1906 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሥ ተብለው ደሴን መቀመጫቸው አድርገው ገዙ። የግብር አዳራሻቸው «አይጠየፍ» ይባል ነበር፤ ስሙ እስከ ዛሬ በከተማችን አለ። ትርጉሙም ግልጽ ነው፤ ማንንም አይንቅም፣ ማንንም አይመልስም ማለት ነው።

ዘመኑ ቢለወጥም ከላይ ያለው እኩልነት ቶሎ አልመጣም። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን በመንግሥት የምትደገፍ የአገሪቱ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደንግጎ ነበር። ሙስሊሙ «በኢትዮጵያ የሚኖር እስላም» እየተባለ ይጠራ ነበር፤ እንደ እንግዳ ማለት ነው። በሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ ወጣ። ሙስሊሙ እኩልነቱን ጠየቀ፤ ብዙ ክርስቲያኖችም አብረው ተሰለፉ። ከለውጡ በኋላ ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። ከቦሩ ሜዳ እስከዚያ ሰልፍ 96 ዓመት ነው። አንድ ሙሉ የሰው ዕድሜ አልፎ ይተርፋል።

3. ወሎ፦ ከታች የተሠራው ኑሮ

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ሰዉ ምን ሲያደርግ ቆየ? ሕጉ እስኪስተካከል ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። ኑሮውን ራሱ ሠራው። ሦስት ምሳሌ እንውሰድ።

ሀ/ ቅሬ። በሌላ አገር ዕድር የሚባለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ሰው ሲሞት የቅሬው ሰው ሁሉ ይወጣል። ሟቹ ሙስሊም ከሆነ ክርስቲያኑ መቃብር ይቆፍራል፣ ይሸኛል፤ ክርስቲያን ከሆነም ሙስሊሙ እንዲሁ። ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ልብ እንበል፤ ይህ ስሜት ብቻ አይደለም፣ ደንብ ነው። ዛሬ የኔን አባት የቀበረ ነገ የሱን እናት እቀብርለታለሁ። ሁለቱም ሰጪ፣ ሁለቱም ተቀባይ ናቸው።

ለ/ አበጋር። በወሎ ገጠር ደም የተቃቡ ሰዎችን የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች አበጋር ይባላሉ። ገዳይና የሟች ወገን በሃይማኖት ቢለያዩም ሽምግልናው አይቀርም። ዱአውም ምርቃቱም በአንድ ሸንጎ ይሰማል። ሸኹም መምሬውም «አሚን፣ አሜን» ይላሉ። ፖሊስና ፍርድ ቤት በሩቅ ሳለ ደም ያደረቀው ይህ ሸንጎ ነው።

ሐ/ የሠርግ ቤት። ሙስሊሙ የክርስቲያን ሥጋ አይበላም፤ ክርስቲያኑም የእስላም ሥጋ አይበላም። ሌላ አገር ቢሆን ይህ ለመለያየት በቂ ምክንያት ይሆን ነበር። ወሎዬ ግን ምን አደረገ? ክርስቲያኑ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ ሙስሊም ጎረቤቱን ጠርቶ ያሳርዳል፤ ሙስሊሙም ለክርስቲያን እንግዶቹ እንደዚሁ። ሥጋው ይለያል፤ ድንኳኑ ግን አንድ ነው። አንዱ ሌላውን ምሰለኝ አላለውም። ልዩነቱን አውቆለት ቦታ ሰጠው። ለመምህር ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም።

በጋብቻ የተሳሰረውንም ማስታወስ ነው። አባቱ በአንድ እምነት፣ ልጁ በሌላ እምነት ስም የሚጠሩበት ቤተሰብ በደሴም በኮምቦልቻም እንግዳ አይደለም። የስም መጥሪያውን ስናነብ የተማሪውን ሃይማኖት በአባቱ ስም ለመገመት የምንሞክር ከሆነ ወሎ ላይ መሳሳታችን አይቀርም።

ይህ ሲባል ግን ከታች ያለው ሁሉንም ይፈታል ማለት አይደለም። ቅሬ ሕገ መንግሥት አይለውጥም። ጎረቤት የቱን ያህል ቢፋቀር በ1948ቱ ሕግ ፊት እኩል አልነበረም። ለዚያ የ1966ቱ ሰልፍ አስፈለገ። በዚያ ሰልፍ ላይ ክርስቲያኖች መገኘታቸው ደግሞ ከታች የተሠራው ጉርብትና አንድ ቀን ወደ ላይ ሊወጣ እንደሚችል ያሳያል።

4. አሜሪካ፦ ከላይ የተሠራው ወዳጅነት

ወሎን ብቻ ብናይ አብሮ መኖር ከአየሩና ከውሃው የመጣ ሊመስለን ይችላል። የአሜሪካው ታሪክ ግን ነገሩ በሰው እጅ የሚሠራ፣ በሰው እጅም የሚፈርስ መሆኑን ያስረዳል። (ከዚህ በታች ስለ አሜሪካ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ጥቁር አሜሪካውያን አብዛኞቹ ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ልጆች ናቸው። ባርነት በ1865 በሕግ ቢቀርም በደቡብ ክፍለ ሀገሮች መለያየትና ያለፍርድ በስቅላት መግደል ቀጠለ። ከአይሁዱ ብዙዎቹ ደግሞ ከአውሮፓ በተለይም ከሩሲያ ግዛት ግድያና ጭቆና ሸሽተው የመጡ ናቸው። አይሁድ ሁሉ ነጭ ነው ማለት ግን አይደለም። ይህን የጎንደር ቤተ እስራኤሎችን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አይስተውም። እዚህ የምናወራው በአሜሪካ ብዙ ስለሆኑት ከአውሮፓ ስለ መጡት ነው።

በ1909 ለጥቁሮች መብት የሚታገል አገር አቀፍ ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ መካከል ጥቁሩ ምሁር ዊልያም ዱ ቦይስና አይሁዳዊው ሄንሪ ሞስኮዊትዝ ነበሩ። በ1915 ሊዮ ፍራንክ የተባለ አይሁዳዊ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ በጆርጂያ ክፍለ ሀገር በግርግር ተሰቀለ። ገመዱ ለጥቁር ብቻ የተዘጋጀ እንዳልሆነ ብዙ አይሁድ ያን ቀን ተረዱ።

ለእኛ ለመምህራን ይበልጥ የሚጠቅመው የጁሊየስ ሮዘንዋልድ ታሪክ ነው። ሮዘንዋልድ ከጀርመን የመጡ አይሁድ ልጅ፣ ሲርስ ሮባክ የተባለው ትልቅ የንግድ ድርጅት መሪ ነበር። በ1911 በባርነት ከተወለደው መምህር ከቡከር ዋሺንግተን ጋር ተዋወቀ። ሁለቱ ተመካክረው በደቡብ ገጠሮች ለጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት ማሠራት ጀመሩ። ሥራው በአላባማ በ6 ትምህርት ቤቶች ተጀምሮ እስከ 1932 ድረስ በ15 ክፍለ ሀገሮች ወደ 5,000 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ተሠሩ።

አሠራሩን እናጢነው። ሮዘንዋልድ ሙሉውን ገንዘብ አልሰጠም። የአካባቢው ጥቁር ሕዝብ ድርሻውን እንዲያዋጣ፣ መንግሥትም የራሱን እንዲጨምር ተደረገ። ገንዘብ ያጣው ቦታ ሰጠ፤ እንጨት ቆረጠ፤ ጉልበቱን አዋጣ። በመጨረሻ ሲታሰብ ጥቁሩ ሕዝብ ከ4 ሚሊዮን 700 ሺህ ዶላር በላይ ሲያዋጣ ከሮዘንዋልድ በኩል የመጣው ወደ 4 ሚሊዮን 300 ሺህ ዶላር ነበር። ድሃው ሕዝብ ከባለጸጋው በላይ ሰጠ ማለት ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ምጽዋት አልነበረም፤ የሕዝቡ ንብረት ነበር። ይህ ከእኛው የቅሬ ሥርዓት ጋር ይመሳሰላል፤ ሁለቱም ወገን ሰጪ ነበር።

ሌላም አለ። ከ1933 ጀምሮ ከሂትለር የሸሹ አይሁድ ምሁራን አሜሪካ ሲገቡ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በር ዘጉባቸው። ከ50 በላይ የሚሆኑት በደቡብ ባሉ የጥቁሮች ኮሌጆች አስተማሩ። ከነዚህ አንዱ ኤርንስት ቦሪንስኪ ነው። በ1947 ሚሲሲፒ በሚገኘው በቱጋሉ ኮሌጅ ማስተማር ጀምሮ በ1983 እስኪሞት ድረስ እዚያው ቆየ። ሕጉ መለያየትን በሚያዝዝበት አገር ጥቁርና ነጭ አብረው ተቀምጠው እንዲወያዩ ያደርግ ነበር።

በ1964 ክረምት ደግሞ ወጣቶች ጥቁሮችን በመራጭነት ለማስመዝገብና የነፃነት ትምህርት ቤቶች ለመክፈት ወደ ሚሲሲፒ ዘመቱ። ትምህርት ቤት ሊሆን የታሰበ አንድ ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ። ይህን ለማጣራት የሄዱ ሦስት ወጣቶች ሰኔ 21 ቀን ተገደሉ። ጄምስ ቼኒ ጥቁር ነበር፤ አንድሩ ጉድማንና ማይክል ሽዌርነር አይሁድ ነበሩ። ትልቁ 24 ዓመቱ ነበር። በመጋቢት 1965 በሴልማ ሰልፍ ላይ ራቢ አብርሃም ሄሼል ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋር በአንድ ረድፍ ተራመደ።

5. አሜሪካ፦ ከታች የታየው ስንጥቅ

እስከዚህ የተናገርነው የመሪዎችን፣ የማኅበራትንና የዘማቾችን ታሪክ ነው። በሰፈር ግን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። ጸሐፊው ጄምስ ቦልድዊን በ1967 እንዳስታወሰው በልጅነቱ ሐርለም ውስጥ የቤት ኪራይ ተቀባዩም ባለሱቁም አይሁዳዊ ነበር። ጥቁሩ ከፋይ፣ አይሁዱ ተከፋይ ሆነው ነው በየቀኑ የሚገናኙት። ያ አከራይ ክፉ ላይሆን ይችላል። የከተማው አሠራር ጥቁሩን በዚያ ሰፈር እንዳጎረው፣ አይሁዱም ራሱ ከብዙ ሥራ እንደተከለከለ እናውቃለን። ነገር ግን ኪራይ የሚጠየቅ ሰው የሚያየው የጠያቂውን ፊት ነው፤ ከበስተኋላ ያለውን አሠራር አያይም።

ይህ ቅሬታ የፈነዳው በትምህርት ቤት ነው። በ1968 በኒው ዮርክ ብሩክሊን፣ ኦሽን ሂል ብራውንስቪል በተባለ ድሃ የጥቁሮችና የፖርቶ ሪኮ ሰዎች ሰፈር፣ ትምህርት ቤቶቹን በሙከራ ደረጃ የሚመራ የአካባቢ ቦርድ ተቋቁሞ ነበር። ቦርዱ በግንቦት ወር 13 መምህራንን ከሌሎች ጥቂት ኃላፊዎች ጋር ከአካባቢው አሰናበተ። አብዛኞቹ አይሁድ ነበሩ። በአልበርት ሻንከር የሚመራው የመምህራን ማኅበር «ያለ በቂ ክስና ማጣራት መምህር አይሰናበትም» ብሎ ተነሣ። ከመስከረም እስከ ኅዳር በተደጋገመው አድማ ከ50,000 በላይ መምህራን ሥራ አቆሙ። በድምሩ 36 የትምህርት ቀኖች ባከኑ፤ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚሆን ተማሪ ተጎዳ።

እንግዲህ ማን ትክክል ነበር? ወላጆቹ «ልጆቻችን ማንበብ ሳይችሉ ክፍል ያልፋሉ፤ የሚያስተምራቸውን በመምረጥ ድምፅ የለንም» ይሉ ነበር። እውነት ነው። መምህራኑም «በፈተና አልፈን በሕግ የገባንበትን ሥራ በአንድ ደብዳቤ አንነጠቅም» ይሉ ነበር። ይህም እውነት ነው፤ አይሁድ ሌላው የሥራ በር ሲዘጋባቸው በፈተና የገቡበት በር ትምህርት ቤት ነበርና። ሁለት እውነቶች ተጋጩ። ነገሩን ያከፋው ግን ሌላ ነው። አይሁድን የሚሳደብ፣ ጸሐፊው ያልታወቀ ወረቀት ተገኘ። ማኅበሩ ያንን ወረቀት በብዙ መቶ ሺህ አባዝቶ በተነው። ጥቂት ሰው የጻፈው ስድብ የአንድ ሕዝብ ሁሉ ቃል መሰለ። የአሠራር ክርክር የነበረው የዘር ጠብ ሆነ። እዚያው ቀጥለው ካስተማሩት መምህራን መካከል ብዙ አይሁድ እንደነበሩ ማንም አልሰማም፤ ጩኸቱ ስለበዛ።

6. ከሁለቱ ታሪኮች የምንወስደው

ሀ/ ሰጪና ተቀባይ። የሮዘንዋልድ ትምህርት ቤቶችና የወሎ ቅሬ የጸኑት ሁለቱም ወገን ስላዋጣ ነው። የሐርለም ጉርብትና የሻከረው አንዱ ሁልጊዜ ጠያቂ፣ ሌላው ሁልጊዜ ከፋይ ስለሆነ ነው። እንግዲህ በምንመደብበት ትምህርት ቤት የወላጅ ኮሚቴውን እንይ። የሚሰበሰበው፣ የሚናገረውና የሚወስነው ከሁለቱም ወገን ነው ወይስ አንዱ ወስኖ ሌላው እንዲያዋጣ ብቻ ይጠራል?

ለ/ ድንኳኑ አንድ ይሁን። በረመዳንና በዐቢይ ጾም በክፍላችን የጾመ ልጅ ይኖራል። የፈተና፣ የስፖርትና የበዓል ፕሮግራም ስናወጣ የሁለቱንም የቀን መቁጠሪያ ከፊታችን እናድርግ። ለሒሳብ ምሳሌ የምንመርጣቸው ስሞችም ተራ ነገር አይደሉም። ከድር ብርቱካን ከገዛ በላይም ይግዛ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን ያዝዛል። ነፃ ማለት ግን የልጁን እምነት እንዳላዩ መሆን አይደለም፤ ለማንም አለማድላት ነው።

ሐ/ ቦሩ ሜዳን አንዝለል። አንዳንዶቻችን «ፍቅሩን ይረብሻል» ብለን ይህን ምዕራፍ ልንሸሸው እንፈልጋለን። ስሕተት ነው። እኛ ካላስተማርነው ተማሪው ከመንገድ ይሰማዋል፤ የመንገዱ መምህር ደግሞ ቁስሉን እንጂ ጥገናውን አይነግረውም። እኛ ግን ሁለቱንም ጎን ለጎን ማስተማር እንችላለን። ትእዛዙ ከዙፋን እንደመጣ፣ ቅሬው ግን ከጎረቤት እንደመጣ ስናስረዳ ልጁ አጠገቡ የተቀመጠውን ጓደኛውን የጥንት ባለዕዳ አድርጎ አያይም።

መ/ የጥቂቱን ቃል የሁሉ አናድርግ። በሽንት ቤት ግድግዳ ወይም በስልክ የተገኘ ስድብ ሲያጋጥመን ጻፊውን እንፈልግ፤ ስድቡን ግን አናባዛ። የ1968ቱን ወረቀት እናስታውስ።

ማጠቃለያ

የወሎ አብሮነት ከሰማይ የወረደ አይደለም። በቦሩ ሜዳ ላይ የተጎዳ ሕዝብ በደንብ፣ በተራና በመዋጮ እየጠገነ የሠራው ነው። የተሠራ ነገር ሁሉ ጠባቂ ይፈልጋል። ከላይ ያለው ሕግና ከታች ያለው ጎረቤት በየቀኑ ፊት ለፊት የሚገናኙበት ቦታ ቢኖር ትምህርት ቤት ነው፤ እዚያ መካከል ላይ ጠመኔ ይዞ የሚቆመውም መምህሩ ነው። ስለዚህ ዝግጅታችን ከጥቁር ሰሌዳው ይለፍ።

የውይይት ጥያቄዎች

1. በሰፈራችሁ ያለው ቅሬ ደንብ ምን ይላል? አንብባችሁ ለቡድናችሁ አስረዱ።
2. የቦሩ ሜዳን ጉባኤ ለ7ኛ ክፍል ለማስተማር የአንድ ክፍለ ጊዜ ዕቅድ አውጡ። የትኛውን ጥያቄ አስቀድማችሁ ታነሣላችሁ?
3. በ1968ቱ አድማ ጊዜ በዚያ ሰፈር መምህር ብትሆኑ ኖሮ ክፍል ትገቡ ነበር ወይስ ታድሙ ነበር? ለሁለቱም ወገን ተከራከሩ።